ፊታቸውን ያዞሩ መጻሕፍት

ቴህሚናንና ሙኩንድን ያለያየኋቸው እኔ ነኝ። በክፋት አይደለም፤ በታማኝነት ነው። ታማኝ ሴት አንዳንዴ ከክፉዋ የባሰ ቤት እንደምታፈርስ እኔን አይቶ መማር ይቻላል። ስሜ ፊሎሜና ነው፤ ሰው ሁሉ ፊሎ ይለኛል። በፑና ከተማ፣ በጦር ሰፈሩ ዋና መንገድ ላይ ባለው የኤዱልጂ መጻሕፍት ቤት ሠላሳ አምስት ዓመት የጽሕፈት መኪና ስመታ ኖሬያለሁ። ባል አላገባሁም። ያገቡት ጓደኞቼ ግን የፍቅር ጉዳይ ሲገጥማቸው የሚያማክሩት እኔን ነው፤ እነሱ ለማሰብ ጊዜ የላቸውም።

ነገሩን ለመረዳት መጀመሪያ የቤቱን ደንብ ማወቅ ያስፈልጋል። ደንቡን ያወጡት መደብሩን የከፈቱት ሽማግሌው ኤዱልጂ ናቸው። በእንግሊዞች ዘመን ለወታደሮች ጋዜጣ በእጅ ጋሪ እየገፉ ይሸጡ የነበሩ ፓርሲ ናቸው፤ ፓርሲዎች እሳትን የሚያከብር የራሳቸው ጥንታዊ እምነት ያላቸው ሕዝብ ናቸው። መደብሩ በተከፈተ በሦስተኛው ዓመት አንድ ሻምበል ከለንደን መጽሐፍ አዘዘ። መጽሐፉ በመርከብ እስኪደርስ ሻምበሉ ወደ ጠረፍ ዘመተ፤ የመደብሩ ሠራተኛ ደግሞ መጽሐፉን ለሌላ ሰው ሸጠው። ከአራት ዓመት በኋላ ሻምበሉ አንድ እጁን እዚያው ጥሎ ተመለሰ። ከባቡር ወርዶ በቀጥታ የመጣው ወደ መደብሩ ነበር። "መጽሐፌ አለ?" አለ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለሰው የተቀመጠ መጽሐፍ፣ ርዕሱ የተጻፈበት ጀርባው ወደ ግድግዳ እንዲዞር ሆኖ ይደረደራል፤ አናቱ ላይ የባለቤቱ ስም ያለበት ወረቀት ይሰካል። ፊቱን አዞረ እንለዋለን። ፊቱን ያዞረ መጽሐፍ አይሸጥም፤ ከኛ ማንም አይከፍተውም። ባለቤቱ እስኪመጣ ይጠበቃል፤ ባለቤቱ ከሞተም ወራሹ እስኪጠይቅ ይጠበቃል። እንግሊዞች በፈረንጆቹ 1947 ጓዛቸውን ጠቅልለው ሲሄዱ ሌሎች መደብሮች እነሱ ያስቀመጡትን መጽሐፍ አውጥተው ቸበቸቡት። እኛ ዘንድ ግን ሃምሳ ዘጠኝ መጻሕፍት በኋለኛው ግድግዳ ላይ ፊታቸውን እንዳዞሩ ቀሩ። አዲስ ደንበኛ ሲገባ፣ "እነዚህ ምን አጥፍተው ነው የተቀጡት?" ይላል።

በ1961 የፓንሼት ግድብ ተደርምሶ የወንዙን ዳር ሰፈር ጎርፍ ጠራርጎት ሄደ። ጎርፉ ካለፈ በአምስተኛው ሳምንት፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ ከእንግሊዝ አገር አንድ ደብዳቤ መጣ። የሜጀር ዊትኮምብ ሚስት ናት። ባለቤቷ መሞቱን፣ በታመመ ጊዜም እኛ ዘንድ ያስቀመጠውን መጽሐፍ ደጋግሞ ያነሳ እንደነበር ጽፋ፣ "ምናልባት እስካሁን ካለ" ትላለች። ምናልባት ብሎ ነገር። መጽሐፉ እዚያው ነው፤ ስለ ረግረግ ማድረቅ የተጻፈ፣ ጡብ የሚያህል። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሁለት ቀን አቧራውን የጠረግሁለት እኔ ነኝ። ከሃምሳ ዘጠኙ የመጀመሪያው አገሩ ሊገባ ነው ብዬ ደስታዬ ወሰን አጣ። ሳልከፍተው በወፍራም ወረቀት ጠቀለልኩት፤ በሲባጎ አሰርኩት፤ በሰም አተምኩትና መሳቢያዬ ውስጥ አስቀመጥኩት። የባሕር ፖስታ የሚቀበሉት ሐሙስ ስለሆነ ሐሙስ ወስጄ ሰጠሁ።

በእናቷ ሙት ዓመት ምክንያት ከማክሰኞ ጀምሮ ቀርታ የነበረችው ቴህሚና አርብ ጠዋት ሥራ ገባች። የኤዱልጂ ልጅና የመደብሩ ባለቤት የሆኑት የአቶ ኖሽርዋን አንድ ልጅ ናት። የአባቷ ዓይን መፍዘዝ ከጀመረ ወዲህ መደብሩን የምትመራው እሷ ናት። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ወደ ኋለኛው ግድግዳ ሄዳ ተመለሰች።

"አክስቴ ፊሎ፣ የሜጀሩ መጽሐፍ የት ሄደ?"

"አገሩ ገባ እኮ። ሚስቱ ጠይቃ ላክሁላት። አያትሽ ይህን ቢያዩ ምን ይሉ ነበር።"

"መቼ ላክሽው?"

"ትናንት። ሐሙስ።"

"ሐሙስ" አለች። ፊቷ አመድ መሰለ። ምግብ ያልተስማማት መስሎኝ የጠጅ ሣር ሻይ አፈላሁላት። ጠጣችው። አመሰገነችኝ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ዓመት ከግማሽ ከልቧ ስትስቅ አላየኋትም።

በዚያው ሳምንት ከመደብሩ ሌላም ሰው ሄዷል፤ እኔ ግን አንዱን ነገር ከሌላው አላገናኘሁትም። ሙኩንድ የመጽሐፍ ጠራዣችን ልጅ፣ ሂንዱ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ የተጠረዙትን መጻሕፍት በጨርቅ ቋጥሮ ያመጣልን ነበር። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እጁ ሁልጊዜ ሙጫ ሙጫ የሚል ልጅ። ቴህሚናን "እርስዎ" ነበር የሚላት፤ ሲያናግራት ዓይኑን ከወለሉ አያነሳም። እኔም "ይሄ ዓይናፋር መቼም ሚስት አያገኝም" እያልኩ አዝንለት ነበር። ሰው ይሞኛል፤ እንደኔ ግን አይሞኝም።

ጎርፉ የአባቱን መጠረዣ ቤት ከነማተሚያው፣ ከነቆዳው፣ ከነግድግዳው ወሰደው። ሙኩንድ ናግፑር፣ አንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ሥራ አገኘ። የዚያን ሳምንት ማክሰኞ ሊሰናበት ሲመጣ መደብሩ ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ኋለኛው ግድግዳ ዘንድ ሄዶ ብዙ ቆመ። ባዶው ቦታ ላይ እጁን አስገባ፤ አወጣ።

"አቧራ አለበት እንዴ?" አልኩት፣ ደንገጥ ብዬ።

"የለበትም፣ ሚስ ፊሎ። ንጹሕ ነው" አለ። "ደኅና ይሁኑ።"

"አንተም ደኅና ሁን። ናግፑር ብርቱካን ርካሽ ነው አሉ" አልኩት። ሰው ሕይወቱ ሲፈርስበት ስለ ብርቱካን የምታወራ ሴት እኔ ነኝ።

እንግዲህ ዓመታቱ አለፉ። ቴህሚና ሠላሳን ተሻገረች። አክስቶቿ ከቦምቤይ አርደሺር የሚባል የጥርስ ሐኪም አመጡ። ሚስቱ የሞተችበት ነው፤ ደግ ሰው ነው። ሲስቁለት ጥርስ ጥርስ ከማየቱ በቀር እንከን አላገኘሁበትም። ክፉ ቢሆን ነገሩ በቀለለ ነበር። ሁለት ጊዜ መጣ፤ በሁለተኛው ቴህሚና እሺ አለች። እሺ ያለችው ግን ብርድ ሲገባ መስኮት እንደሚዘጋ ሰው ነው። የቃል ኪዳኑ ቀን ተቆረጠ፤ በመጋቢት የመጀመሪያው እሁድ። ደጃፉ ላይ ጌጥ የሚሣልበት የኖራ ዱቄት፣ ኮኮናቱ፣ የብር ትሪው ተዘጋጀ።

አሥር ቀን ሲቀረው፣ ሐሙስ ዕለት፣ የወይዘሮ ዊትኮምብ ሁለተኛ ደብዳቤ ደረሰኝ። የአሮጊት ጽሕፈት ነው። መጽሐፉ ውስጥ አንድ ወረቀት አግኝታ፣ ፊደሉን ስለማታውቀው ባለቤቷ የተወው አሮጌ ነገር መስሏት አስቀምጣው ኖሯል። ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጇ አይቶ፣ "አያቴ፣ ቀለሙ እኮ አዲስ ነው" አላት። "የሌላ ሰው እንዳይሆን ፈርቼ መለስኩት፤ ስለዘገየሁ ይቅርታ" ትላለች።

ወረቀቱ አራት እጥፍ ታጥፏል። ውጭው ላይ በአገሩ ቋንቋ በማራቲ "ሙኩንድ" የሚል ተጽፎበታል። ጽሕፈቱን አወቅሁት፤ በየቀኑ ከፊቴ የሚቀመጥ የቴህሚና ጽሕፈት ነው። የሰው ደብዳቤ አላነብም ብዬ ብዋሽ ማን ያምነኛል? አነበብኩት።

"ሙኩንድ፣ ረቡዕ ማታ በሚሄደው ባቡር አብረሽኝ ትሄጃለሽ ወይ ብለህ ጠይቀኸኛል። መልሴ እሺ ነው፤ ግን በባቡር ተደብቄ አልሄድም። ተደብቄ የምሄድበት ጥፋት አላጠፋሁም። ረቡዕ አሥር ሰዓት ቤታችን ና፤ አባቴን አብረን እንጠይቃለን። እሺ ካለ ያንተ ነኝ። እምቢ ካለም ያንተ ነኝ፤ ልዩነቱ የእንባው ነው። ያቺን ሰማያዊ ሸሚዝህን ልበስ። ሙጫ ነክቷታል ብለህ እንዳትተዋት።"

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ ማለት አልችልም፤ ወደቅሁ። በአንድ አፍታ ሁሉም ተገለጠልኝ። ማንም የማይከፍተው መጽሐፍ፣ ለሁለት ፍቅረኞች ከዚህ የተሻለ የፖስታ ሳጥን የት ይገኛል? እኔ አቧራ ስጠርግ እነሱ በረግረጉ ማድረቂያ መሐል ይጻጻፋሉ። እሷ ሰኞ ጠዋት መልሷን አስቀመጠች። እኔ ሰኞ ከሰዓት በኋላ ጠቀለልኩት። እሱ ማክሰኞ መጥቶ ባዶ ቦታ አገኘ። ሐሙስ ማለቴ እውነት ነበር፤ ከሰኞ ጀምሮ መሳቢያዬ ውስጥ መሆኑን ግን አልነገርኳትም፤ ማን ጠየቀኝ? ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል፤ እኔ አይቻለሁ።

ቴህሚና ቢሮዋ ውስጥ ነበረች። ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

"ፊትሽ ምን ሆነ፣ አክስቴ?"

"ስሚኝና ከፈለግሽ ከዚህ አባርሪኝ" አልኩና ወረቀቱን ጠረጴዛዋ ላይ አኖርኩት። ሁሉንም ነገርኳት፤ ሰኞን፣ መሳቢያውን፣ ሐሙስን።

አነበበችው። የሌላ ሰው ደብዳቤ እንደምታነብ ዓይነት፣ ቀስ ብላ፣ ሁለት ጊዜ።

"ይቺ ልጅ ደፋር ነበረች" አለች።

"ቴህሚና..."

"ያን ረቡዕ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ መስኮቱ ላይ ነበርኩ። በመንገዱ ረጅም ሰው ሲያልፍ እነሳለሁ፤ እቀመጣለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን አባባ፣ 'ማንን ነው የምትጠብቂው?' አለኝ። ፖስተኛውን አልኩት። ፖስተኛው ጠዋት እንደሚመጣ ያውቃል።" ወረቀቱን በታጠፈበት አጠፈችው። "አንብቦ አባቴን ፈርቶ የሄደ መስሎኝ ነበር። ሁለት ዓመት ከግማሽ ፈሪ ስለው ኖርኩ። ለካ ድሃው ልጅ ምንም አላነበበም።"

እግሯ ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዘችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

"ይሄው ልላክለት" አልኩ። "የኮሌጁ አድራሻ አለኝ።"

"የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም፣ አክስቴ። እሁድ ሳምንት ቃል እሰጣለሁ።"

"ለጥርስ ሐኪሙ?"

"ለአባባ" አለች። "ያኔ አባባ ደኅና ነበር። አሁን ሰባ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የልቡን መድኃኒት በማንኪያ የማጠጣው እኔ ነኝ። ከኛ ከፓርሲዎች ውጭ ያገባች ሴት የእሳቱ ጸሎት ቤታችን ገብታ እንደማትጸልይ ታውቂያለሽ። እሱንስ እችለዋለሁ፤ በልቤ እጸልያለሁ። ግን አባቷ ሲሞት ካህናቱ አያስገቧትም። ጸሎቱ ሲደርስ፣ ፊቱ ለመጨረሻ ጊዜ ሲገለጥ፣ ከባዕዳን ጋር አጥሩ ውጭ ትቆማለች። ከባዕድ ያገባችዋን ዶሊ ባይ የምትባለዋን አስታወስሻት? ዝናብ እየመታት አጥር ይዛ ቆማ አይቻታለሁ። እኔ የአባባን ፊት ሳላይ ከዚያ አጥር መመለስ አልችልም። ስለዚህ ተይው።"

ወረቀቱን ሰጠችኝ። "ቅደጂው" አለች።

እሺ አልኳት፤ ዋሸሁ። በስሙ የተቀመጠ ነገር የማን ነው? የቴህሚና አይደለም፤ የኔም አይደለም። ያን ሁሉ ዓመት የእንግሊዝ ሻለቃ መጽሐፍ ስጠብቅ ኖሬ የጠራዡን ልጅ ደብዳቤ ልቅደድ? አርብ ጠዋት ፖስታ ቤቱ ሲከፈት በሩ ላይ ነበርኩ። ከደብዳቤው ጋር ሦስት መስመር ጻፍኩ። "ይህ በስምህ የተቀመጠ ነው። የዘገየው በኔ ጥፋት ነው፤ ሰኞ ዕለት ጠቅልዬው ነበር። የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው እሁድ ቃል ልትሰጥ ነው። ፊሎሜና።" ከዚያ በኋላ ባለው ሳምንት ያየሁት ጭንቀት ለጠላቴም አይድረሰው።

ሐሙስ ረፋድ ላይ ቴህሚና መሰላል ላይ ወጥታ፣ በሙቀቱ ወራት ነቀዝ እንዳይገባ በየመጻሕፍቱ መሐል የደረቀ የኒም ቅጠል ትሰካ ነበር። አቶ ኖሽርዋን መዝገበ ቃላቱ ዘንድ ባለችው የሸንበቆ ወንበራቸው ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ የተኙ መስሎናል። በሩ ተከፈተ። ሙኩንድ ገባ።

መነጽር አድርጓል። ጆሮው አጠገብ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል። የለበሰው ሰማያዊ ሸሚዝ ከመታጠብ ብዛት ቀለሙ ሄዷል፤ ክርኑ ሳስቷል፤ ኪሱ አጠገብ የሙጫው ጠባሳ አሁንም አለ። ቴህሚና አየችው። ሸሚዙን አየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ እኔም ወደ ጽሕፈት መኪናዬ ዞርኩ።

"ረቡዕ አሥር ሰዓት ብለሽኝ ነበር" አለ። "ዘገየሁ።"

ስድስት ዓመት ሙሉ በዚያ መደብር ውስጥ "እርስዎ" ሲላት ሰምቻለሁ። ያን ቀን በኔ ፊት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ አንቺ አላት። ጣቶቼ ቁልፎቹ ላይ ቀሩ።

ቴህሚና ቀስ ብላ ወረደች። በመሐላቸው አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ ቀረ፤ ሁለቱም አልተሻገሩትም።

"ማክሰኞ መጣሁ፤ መጽሐፉ የለም" አለ። "እንዳልጽፍልሽ ሳጥኑን የዘጋሽው መሰለኝ። ሚስ ፊሎን እንዳልጠይቅ ምን ብዬ ልጠይቅ? ስምሽን ማንሳት ሊሆንብኝ ነው።"

"እኔ ደግሞ አንብበህ ጥለኸኝ የሄድክ መሰለኝ።"

"አንብቤ? አንብቤ ቢሆን ባቡሩን ሐዲዱ ላይ ተኝቼ አስቆመው ነበር።"

ሳቋ አመለጣት። ሳቁ ሳያልቅ ዓይኗ ሞላ። "አገባህ?" አለችው።

"እናቴ ሦስት ልጆች አሳየችኝ። ሦስቱም ቆንጆዎች ናቸው።"

"እና?"

"አንዷም ስለ ረግረግ ማድረቅ አታውቅም።"

እኔ አፍንጫዬን በመሀረብ ያዝኩ። እሱ ግን ፊቱ መልሶ ከበደ። "ቴህሚና፣ ከአባትሽ ልነጥልሽ አልመጣሁም። ናግፑርን እለቃለሁ። የመጽሐፍ ሥራ እዚሁ አይጠፋም፤ ባይኖርም እንደ አባቴ እጠርዛለሁ። ሁለት መንገድ ወርደን ቤት እንከራያለን። ጠዋት ጠዋት መድኃኒታቸውን አንቺው ትሰጫቸዋለሽ።"

"ቤቱ አይደለም ጉዳዩ፣ ሙኩንድ። ቀኑ ነው።"

"የትኛው ቀን?"

"ታውቀዋለህ። አባባ የሚሄድበት ቀን። አጥሩ።"

ለዚህ ምን መልስ አለ? አሥር ዓመት በፍቅር ደስ ቢልሽ አንድ ቀን አጥር ላይ ትቆሚያለሽ፤ ያ አንድ ቀን ደግሞ አሥሩን ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ይበላዋል። ሙኩንድም ይህን ስለሚያውቅ አንገቱን ደፋ።

"ያኔ ጽፌልህ ነበር፤ እችለዋለሁ ብዬ ነበር" አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ እኔን የጎዳኝ ይህ ነው። "አሁን አልችለውም። እወድሃለሁ፤ ይህን አንድ ጊዜ እንኳ በአፌ ሳልነግርህ መቅረት አልፈልግም። እወድሃለሁ። ሂድ።"

"እንድሄድ ትፈልጊያለሽ?"

"አልፈልግም። ሂድ።"

"የትም አይሄድም" አሉ አቶ ኖሽርዋን።

ሦስታችንም ደነገጥን። ሽማግሌው አንገታቸውን ቀና አድርገው፣ ሁለት እጃቸውን ከዘራቸው ላይ ጭነው ተቀምጠዋል።

"አባባ፣ ተኝተህ አልነበረም?"

"የፈዘዘው ዓይኔ ነው፤ ጆሮዬን ማን ነካው? ሙኩንድ፣ ገና በሩን ስታልፍ አውቄሃለሁ። ጫማ ቀይረሃል፤ አረማመድህ ግን ያው ነው፤ የሰው ቤት ወለል እንዳይጎዳ ትላለህ። ወደዚህ ኑ ሁለታችሁም። ፊሎ፣ አንቺም የምትጽፊ መምሰልሽን ትተሽ ስሚ፤ መቼም ትሰሚያለሽ።"

ሄዱና ከፊታቸው ቆሙ። ቴህሚና እጇን እርስ በርሱ ቆልፋ ጣቷ ነጥቷል።

"ያን ረቡዕ ማታ ልጄ መስኮት ላይ ፖስተኛ ስትጠብቅ አይቻለሁ" አሉ ሽማግሌው። "ያኔ ትንሽ ትንሽ ይታየኝ ነበር። ማንን እንደምትጠብቅ አላወቅሁም፤ አለመምጣቱን ግን አወቅሁ። ልጠይቅ ብዬ ፈራሁ። መልሱ ከቤቴ የሚያስወጣት መሰለኝና ሆዴ ይፍጀው አልኩ። ሁለት ዓመት ከግማሽ ያስቀመጥኳት በመፍራቴ ነው። ጥፋቱ የፊሎ ብቻ አይደለም።"

"አባባ፣ እኔ ምንም አልከፋኝም። አርደሺር ጥሩ ሰው ነው።"

"ጥሩ ሰው ነው። ለሱ እኔ እጽፋለሁ፤ ፊሎ ትመታዋለች። ጥሩ ሰው ስለሆነም ይገባዋል። እሱን ተይው። አሁን የምትነግሪኝ አንድ ነገር ነው። ይሄን ልጅ የምትመልሺው አስከሬኔን ለማየት ብለሽ ነው?"

"እንዲህ አትበል።"

"እላለሁ። ነገሩ ይሄው ነውና በስሙ እንጥራው።" ትንሽ ተነፈሱ። "የኔ አባት ሲሞት ፊቱን አይቻለሁ። ማንም አልከለከለኝም፤ ልጁ ነኝ፣ ወንድ ነኝ፣ ከፊት ቆምኩ። ጨርቁን ገለጡልኝ። ምን እንዳየሁ ልንገርሽ? ምንም። እሱ እዚያ አልነበረም። እሱ የነበረው እዚህች ወንበር ላይ ነው፣ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ እኔ ከጀርባው መጽሐፍ ሳወርድና ስሰቅል። ቀና ብዬ አላየሁትም። ሥራ ነበረብኝ። አሁን ዓይኑ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረ ብትጠይቂኝ አላውቅም።"

ቴህሚና ማልቀስ ጀመረች። ድምፅ የላትም፤ እንባው ብቻ ነው የሚወርደው።

"ካህናቱ የሞተ ፊቴን ይከልክሉሽ" አሉ። "ይከልክሉሻል፤ አልዋሽሽም። ያ ቀን ሲመጣ አጥሩ ላይ ትቆሚያለሽ፣ ያምሻልም። እኔ ያን ልቀይር አልችልም፤ ደንቡን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ግን በሕይወት ያለውን ፊቴን ማን ነው የሚከለክልሽ? ይሄው። አለሁ። በይ መብራቱን አብሪና ተቀመጪ፤ እዪኝ።"

ሙኩንድ ነው መብራቱን ያበራው። ቴህሚና እግራቸው ሥር ባለችው ዱካ ላይ ተቀመጠች። ዓይኗን በሳሪዋ ጫፍ ጠረገችና ቀና ብላ አባቷን አየች። ግንባራቸውን አየች፤ የተሸበሸበውን ጉንጫቸውን፣ ጢማቸውን ሲላጩ ያመለጣቸውን አገጫቸው ሥር ያለውን ነጭ ጠጉር፣ ጭጋግ የለበሱ ዓይኖቻቸውን። ቡናማ ናቸው፤ ዳር ዳሩ አረንጓዴ። ሽማግሌው ፎቶ እንደሚነሣ ሰው ቀጥ ብለው ተቀመጡ። ደንበኛ ገባ፤ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ አስወጣሁት።

ብዙ ቆየች። ሙኩንድ ዳር ላይ ቆሞ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ይጠርጋል፤ ያደርገዋል፤ እንደገና ያወልቀዋል። አቶ ኖሽርዋን በዳበሳ እጃቸውን ዘርግተው ክንዱን አገኙትና ከጎኗ አስቀመጡት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ጠገብሽ?" አሏት።

"አልጠገብኩም፣ አባባ።"

"እንግዲያው ነገም ትመጫለሽ" አሉ። "ከባልሽ ጋር።"